ስለ አሮጌ ቤት ሙቀት አጠባበቅና ስለ ማገዶ ቁጠባ

በደጋ አገር ለሚኖር ሰው ቤት ሁለተኛ ልብስ ነው። ልብስ የተቀደደ እንደሆነ ብርድ እንደሚያስገባ፣ እንደዚሁም ቤት ያረጀና የተሰነጠቀ እንደሆነ በቀን የሰበሰበውን ሙቀት በሌሊት ያባክናል። ብዙ ሰው ግን ቤቱ የቀዘቀዘ እንደሆነ ቀዳዳውን በመድፈን ፈንታ በእሳቱ ላይ እንጨት ይጨምራል። ይህም በተነደለ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው፤ ቀጂው ይደክማል እንጂ እንስራው አይሞላም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውም ተረት በዚህ ነገር ይፈጸማል፤ ሰው ከሩቅ ዱር የሚመጣውን ሙቀት ሲሻ በቤቱ ያለውን ሙቀት ይጥላልና።

ነገሩም ስለ ምቾት ብቻ የሚነገር አይደለም። ማገዶ በገንዘብ ይገዛል፤ በገንዘብ ያልተገዛ እንደሆነ በእናቶችና በሴቶች ልጆች ጀርባ ይገዛል። እንጨት ለመልቀም ማልዳ የወጣች ልጅ በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። እንጨት ያለቀበት አገር ደግሞ ኩበት ያነዳል። ለእርሻ ፍግ ሊሆን የሚገባው እበት በምድጃ ሲቃጠል፣ ለእህሉ ምግብ ይሆን ከነበረው ነገር ዋናው ክፍል፣ ይኸውም ናይትሮጅን የሚባለው፣ ከጢሱ ጋራ ወደ አየር ይሄዳል፤ የቀረው አመድ ይህን ሊመልስ አይችልም። ስለዚህ ኩበት የሚያነድ ባላገር ሳያውቀው የሚመጣውን ዓመት አዝመራ ይቀንሳል። ከዚህም ሁሉ በላይ በተዘጋ ቤት የሚነድ እሳት የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ነፍስ ያጠፋል። እንግዲህ ይህ ትምህርት ሦስት ነገር በአንድነት ይመለከታል፤ ቤቱ እንዲሞቅ፣ ማገዶው እንዲቀንስ፣ የቤቱም ሰዎች በጢስ እንዳይጎዱ ነው።

አንደኛ፤ የደጋ ብርድ ምክንያት

ምድር ከፍ ባለች ቍጥር አየሯ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀት በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ያኽል ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ያኽል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከእርሷ በስተምሥራቅ ካለው ከአፋር ቈላ ይልቅ እጅግ የበረደች ናት። የመንዝ አምባዎች፣ የሰሜን ተራሮች፣ ጉናና ጮቄ፣ የባሌም ደጋ እንደዚሁ ናቸው።

ነገር ግን ብርዱ በዓመት ውስጥ ሁለት መልክ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማይ የጠራ ነው። ምድር በቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ያለ እንደሆነ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ይመልስላታል፤ ደመና የሌለ እንደሆነ ግን ሙቀቷ ሁሉ ያለ ከልካይ ይሄድና በማለዳ ውርጭ በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። በክረምት ደግሞ ውርጭ ባይኖርም ፀሐይ ተሸፍና ስለምትውል ግድግዳው እርጥበት ይጠጣል። የረጠበ ግድግዳም ከደረቀ ግድግዳ ይልቅ ፈጥኖ ሙቀት ያሳልፋል። ስለዚህ የደጋ ቤት ሁለት ጠላቶች አሉት፤ የበጋ ሌሊት ውርጭና የክረምት እርጥበት ናቸው።

ሁለተኛ፤ ሙቀት የሚሄድባቸው ሦስት መንገዶች

ሙቀት ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል እንጂ አይቆምም። የሚሄድበትም መንገድ ሦስት ነው፤ መምህሩ ሦስቱንም በክፍሉ ውስጥ ለልጆች ሊያሳይ ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ በመነካካት ነው። የብረት ማንኪያና የእንጨት ማንኪያ በአንድነት በፈላ ውሃ ውስጥ የተነከሩ እንደሆነ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የብረቱ እጀታ ጣት ያቃጥላል፤ የእንጨቱ ግን አይሞቅም። ብረት ሙቀትን ፈጥኖ ያሳልፋል፤ እንጨት ያዘገያል፤ ጭድና የበግ ጠጉር ደግሞ ከእንጨት ይልቅ ያዘገያሉ። ምክንያቱም በመካከላቸው የማይንቀሳቀስ አየር ይይዛሉ፤ ጸጥ ያለ አየርም ሙቀትን እጅግ በዝግታ ያሳልፋል። የደረቀ ጭድ ከደረቀ ጭቃ ጋራ ሲነጻጸር ውፍረታቸው እኩል ቢሆን ወደ 10 እጥፍ ያኽል ሙቀትን ያዘገያል። ጋቢም የሚያሞቀው ስለዚህ ነው፤ አራት ድርብ ስለሆነ በየድርቡ መካከል አየር ይይዛል።

ሁለተኛው መንገድ በአየር መንቀሳቀስ ነው። የሞቀ አየር ይቀልላል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ይወጣል። የቀዘቀዘው ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ታች ይወርዳል። በጣራው ሥር ቀዳዳ ያለ እንደሆነ የሞቀው አየር በዚያ ይወጣል፤ በፈንታውም በበሩ ሥር የበረደ አየር ይገባል። ሰዎች እግራቸው በርዷቸው ራሳቸው ሞቆ የሚቀመጡበት ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በጨረር ነው። በእሳት ፊት የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲቃጠል ጀርባው ይበርደዋል። ፊቱን ያሞቀው አየሩ አይደለም፤ አየሩ ቢሆን ኖሮ ጀርባውም በሞቀ ነበር። ከፀሐይም የሚመጣው ሙቀት በዚሁ መንገድ ይመጣል።

እነዚህን ነገሮች ለማስረዳት አንድ ሙከራ ይበቃል። ሁለት እኩል ጠርሙሶች በሙቅ ውሃ ይሞሉና ይከደናሉ። አንደኛው ባዶውን በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ጭድ በሞላበት ቅርጫት ውስጥ ይቀበርና ከላይ ጨርቅ ይደረግበታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጆቹ በየተራ ሁለቱን ይዳስሱ። ጭዱ እሳት የለውም፤ ሙቀትም አልሰጠም፤ ያለውን ብቻ ጠበቀ። የዚህም ትምህርት ሁሉ ሥሩ ይህ ነው፤ ሙቀት ከመግዛት ሙቀት መጠበቅ ይቀድማል።

ሦስተኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጢስና ስለ ከሰል

ቤትን መድፈን መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ያልጠበቀ ሰው በመልካም ሥራ ሞትን ወደ ቤቱ ያስገባል። አሮጌው የሣር ክዳን ቤት ጢሱን በክዳኑ መካከል ቀስ እያለ ያስወጣ ነበር። ክዳኑ ተነሥቶ ቆርቆሮ የተመታ እንደሆነ፣ ግድግዳውም የተመረገና በሩ የተደፈነ እንደሆነ፣ ጢሱ መውጫ ያጣል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በቤት ውስጥ በሚነድ እሳት ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያኽል ሰዎች በዓለም ላይ ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በምድጃ አጠገብ ይውላል፤ ሳንባውም ገና ለጋ ነው።

ከጢስ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የማይታየው ነው። ከሰል ሲነድ ጢስ ስለሌለው ብዙ ሰው ንጹሕ እሳት ይመስለዋል። ዳሩ ግን ከፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይወጣል። ይህ አየር መልክ የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ዐይንንም አያቃጥል። ወደ ደም ገብቶ ደም ለሰውነት የሚያደርሰውን ሕያው አየር፣ ይኸውም ኦክስጅንን፣ ይከለክለዋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስታወክና የድካም እንቅልፍ ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ከዚህ እንቅልፍ ላይነቃ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቤት የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በአንድ ማለዳ ራሳቸውን ያመማቸው እንደሆነ ምች ነው ተብሎ መታለፍ አይገባውም። ወዲያው በሩን ከፍቶ፣ የታመሙትን ወደ ውጭ አየር አውጥቶ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው። የከሰል ማንደጃ በመኝታ ክፍል አይደር። የተዳፈነ ፍምም ቢሆን ይህን ክፉ አየር ይሰጣልና በተዘጋ መኝታ ቤት አይዳፈን። ምግብ የሚበስልበት እሳት የሚቻል እንደሆነ በተለየ ማድ ቤት ይሁን፤ ያልተቻለ እንደሆነ ከምድጃው በላይ ከጣራው የሚያልፍ የጢስ መውጫ ይሠራለት። ይህ ከተፈጸመ በኋላ ብቻ ቤቱን መድፈን ይጀመራል።

በዚህ ነገር ሽማግሎች የሚናገሩት እውነት አለ፤ ጢስ የክዳኑን ሣር ከነፍሳት እንደሚጠብቅና ዕድሜውን እንደሚያስረዝም ያውቃሉ። ይህንም ዕውቀት መናቅ አይገባም። ክዳኑን ለማጠን የሚፈልግ ሰው ግን ሕፃናቱና አሮጊቶቹ በውጭ ፀሐይ ሲሞቁ በቀን ሊያጥነው ይችላል። ክዳን ቢያረጅ በሌላ ሣር ይተካል፤ ሳንባ ግን ምትክ የለውም።

አራተኛ፤ ቤቱን ስለ መመርመር

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማይሰጥ፣ ቤት ጠጋኝም ሳይመረምር ጭቃ አያቡካ። ምርመራውም ምንም ገንዘብ አያስፈልገውም።

በቀትር ጊዜ በሩና መስኮቱ ይዘጋ፤ ሰዎች በጨለማው ቤት ውስጥ ጥቂት ቆመው ዙሪያውን ይመልከቱ። ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ብርድም ይገባበታል። እነዚህን ቦታዎች በከሰል ምልክት ማድረግ ነው። በማታም ነፋስ በሚነፍስበት ሰዓት አንድ ቀጭን የጥጥ ፈትል በበሩ መቃን፣ በመስኮቱ ዳርና ግድግዳው ከጣራው በሚገናኝበት ቦታ ይያዝ። ፈትሉ የተንቀሳቀሰ እንደሆነ በዚያ የነፋስ መንገድ አለ። ከዚህ በኋላ የግድግዳው ሥር በእጅ ይዳሰስ፤ የረጠበ እንደሆነ ከውጭ ውሃ ይጠጣል ማለት ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ጥገናው

ሥራው ጥቂት ወጪ ከሚጠይቀው ተጀምሮ ብዙ ወደሚጠይቀው ይሄዳል።

በርና መስኮት። በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ያለው ክፍተት በአሮጌ ጨርቅ ወይም በበግ ቆዳ ጥብጣብ በምስማር ይሸፈን። ከበሩ ሥር ለሚገባው ነፋስ ጭድ ወይም አሸዋ የሞላበት ረጅም የጨርቅ ከረጢት ሰፍቶ በማታ መጋደም ይበቃል። ከበሩ በስተውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ እንደ መጋረጃ የተሰቀለ እንደሆነ፣ በመዝጊያውና በመጋረጃው መካከል የሚቀረው አየር ራሱ እንደ ግድግዳ ያገለግላል።

ግድግዳ። የተሰነጠቀ ግድግዳ የሚመረገው ዝናሙ ካቆመ በኋላ፣ ብርቱው ውርጭ ሳይደርስ፣ በጥቅምት ወር ቢሆን መልካም ነው። ለምርጊቱ የጤፍ ጭድ ከሁሉ ይሻላል፤ ቀጭን ስለሆነ ጭቃውን አጥብቆ ይይዛል። ጭቃውና ጭዱ ተቀላቅሎ ጥቂት ቀን እየተረገጠ ይደር። ስንጥቁ አስቀድሞ በውሃ ይረስ፤ በደረቅ ላይ የተመረገ ጭቃ ይረግፋልና። አንድ ወፍራም ምርጊት ከማድረግ ሁለት ቀጫጭን፣ የፊተኛው ሲደርቅ የኋለኛውን ማድረግ ይሻላል። እንደ መንዝ ያለ የድንጋይ ቤት የሆነ እንደሆነ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ ይደፈን፤ ድንጋይ ሙቀት ፈጥኖ ስለሚያሳልፍም በስተውስጥ ጭድ በበዛበት ጭቃ ይለሰን። በጭቃ ግድግዳ ላይ ግን ሲሚንቶ መለሰን አይመከርም። ሲሚንቶው እርጥበቱን በውስጥ ያስቀረዋል፤ ከጭቃውም ጋራ ስለማይዋሐድ ቆይቶ ተልጦ ይወድቃል።

የግድግዳ ሥር። ከቤቱ ዙሪያ ቦይ ተቈፍሮ የዝናሙ ውሃ ወደ ታች እንዲሄድ ይደረግ። ይህ ሥራ ሙቀትን የማይመለከት ይመስላል፤ ነገር ግን ግድግዳው የሚደርቀው በዚህ ነው።

ጣራ። የሣር ክዳን ወፍራም ሆኖ ብዙ አየር ስለሚይዝ ሙቀት ይጠብቃል። ቆርቆሮ ግን ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ብረትም ስለሆነ የቤቱን ሙቀት ፈጥኖ ለሰማይ ይሰጣል። በማለዳም የሰዎቹ እስትንፋስ በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ቆርቆሮ ከእሳትና ከዝናም የሚጠብቅ መልካም ነገር ነው፤ ጉድለቱ የሚሞላው በኮርኒስ ነው። ባለጸጋ ከሳንቃ ያሠራል፤ ድኻም ጆንያ ፈትቶ፣ ሰፍቶና ወጥሮ ሊሠራ ይችላል። ቀርከሃ በሚገኝበት አገር ቀርከሃው ተሠንጥቆ በአግዳሚ እንጨት ላይ ይነጠፍና በሁለቱም ወገን በስሱ ጭቃ ይለሰናል፤ ከላዩ ደረቅ ጭድ የተነሰነሰበት እንደሆነ እንደ ሣር ክዳን ያሞቃል። ነገር ግን ጭድ እሳት ይወዳል። ስለዚህ የጢስ መውጫ በሚያልፍበት ዙሪያ ቢያንስ አንድ ክንድ ያኽል ቦታ ያለ ጭድና ያለ ጨርቅ ይተው፤ ኮርኒሱም ከምድጃው በላይ አይወጠር።

መኝታ። ምድር የተኛባትን ሰው ሙቀት በመነካካት ትወስዳለች። ስለዚህ ከወለል ከፍ ባለ መደብ ወይም አልጋ ላይ መተኛት፣ ከሥርም ደረቅ ጭድ የሞላበት ፍራሽና ቁርበት ማንጠፍ ይገባል። ጭዱ በየሳምንቱ ፀሐይ ይምታው፤ የረጠበ ጭድ አያሞቅም፤ ቍንጫም ያፈራል። ቤቱ ሰፊ የሆነ እንደሆነ በውርጭ ወራት ቤተ ሰቡ በአንዲት ትንሽ ክፍል ይተኛ። ዕረፍት ላይ ያለ አንድ ትልቅ ሰው ከሰውነቱ የሚሰጠው ሙቀት ባለ 100 ዋት አሮጌ አምፑል ከሚሰጠው ጋራ ይተካከላል፤ አምስት ሰዎች በአንዲት በሚገባ በተደፈነች ክፍል ሲተኙ ያለ ማገዶ ያሞቋታል። ለእስትንፋሳቸው ግን ከፍ ያለች ትንሽ የአየር መግቢያ ትተው።

ከብቶችን በቤት የሚያሳድሩ ሰዎች ከላሞቻቸው ሙቀት እንደሚያገኙ እውነት ነው። ነገር ግን ከእበቱና ከሽንቱ የሚወጣው ሽታ ዐይንንና ሳንባን ይጎዳል፤ ከከብት ወደ ሰውም የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ። ከብቱ ከቤቱ ጋራ በተያያዘ፣ በግድግዳ በተለየ፣ በራሱ በር ባለው ጋጣ ያደረ እንደሆነ፣ ከነፋሱ ወገን ያለውን ግድግዳ ይጠብቃል፤ ሽታውም ወደ ሰው አይገባም።

ስድስተኛ፤ ስለ ፀሐይና ስለ ቤት ቅርጽ

ዋጋ የማይከፈልበት ማገዶ ፀሐይ ናት። መምህሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ይትከልና ልጆች በየወሩ በቀትር የጥላውን ርዝመትና አቅጣጫ ይመዝግቡ። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ የዘንጉ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ ግን በኢትዮጵያ ደጋ ጥላው ጥቂት ወደ ደቡብ ይወድቃል። እንግዲህ በውርጭ ወራት ፀሐይ የምታገኘው በስተምሥራቅና በስተደቡብ ያለውን መስኮት ነው። እነዚህ ከጧት ጀምሮ ተከፍተው ይዋሉ፤ ፀሐይዋ ወለሉንና ግድግዳውን ታሙቅ። ሊመሽ ሲል ግን ሳይቀዘቅዝ ይዘጉ፤ ባለ መስተዋትም ቢሆኑ የእንጨት መዝጊያ ይኑራቸው፤ አንድ መስተዋት ብቻውን በሌሊት ብዙ ሙቀት ያሳልፋልና።

የአባቶችም ክብ ቤት ያለ ጥበብ የተሠራ አይደለም። ከመካከሉ እስከ ግድግዳው 3 ሜትር የሆነ ክብ ቤት ወለሉ 28 ካሬ ሜትር ከሩብ ያኽል ሲሆን፣ የግድግዳው ዙሪያ ወደ 18.8 ሜትር ነው። በዚሁ ወለል ልክ አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ቤት ቢሠራ የግድግዳው ዙሪያ ወደ 21.3 ሜትር ይሆናል። ወርዱ 3 ሜትር ሆኖ ረዘም ያለ ቤት ቢሠራ ደግሞ ወደ 24.8 ሜትር ይደርሳል። ግድግዳ በበዛ ቍጥር ሙቀት የሚወጣበት ቦታ ይበዛል። ስለዚህ ክብ ቤት ያለው ሰው አሮጌ ነው ብሎ ከማፍረሱ በፊት ያስብበት።

ሰባተኛ፤ ማገዶን ስለ መቆጠብ

ቤቱ ከተደፈነ በኋላ የሚቀረው ማገዶን በብልሃት ማንደድ ነው።

እንጨት ይድረቅ። ገና የተቈረጠ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያኽሉ ውሃ ነው። ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘውን ውሃ እስኪፈላ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። እርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰው እንግዲህ አስቀድሞ ለእንጨቱ ውሃ ይፈጃል፤ ለቤቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ጢሱም ይበዛል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ የደጋውን አገር ከማገዶ ረኃብ ብዙ አድኖታል፤ ነገር ግን በትኵሱ የሚነድ እንደሆነ በረከቱ ግማሽ ይሆናል። ፍልጡ ቀጠን ብሎ ተፈልጦ፣ ከምድር ከፍ ብሎ፣ ነፋስ እንዲገባው ሳስቶ ተቈልሎ፣ ከላይ ተከድኖ ብዙ ወር ይቆይ። ጫፉ የተሰነጠቀና ሲጋጭ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ እንጨት የደረቀ ነው።

ምድጃ ይከለል። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ለድስቱ የሚደርሰው ከሙቀቱ ጥቂቱ እጅ ብቻ ነው። በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ የተሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ፣ እሳቱን ከልሎ ምጣዱን ስለሚያቅፍ፣ በጉልቻ ከሚነደው ማገዶ እስከ ግማሽ ያኽል ይቆጥባል። ይህን መግዛት ያልቻለ ሰውም ጉልቻውን በጭቃ ቢከልል ይጠቀማል።

ድስት ይከደን። በደጋ አገር ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላና አተር በደጋ ቶሎ የማይበስሉት ስለዚህ ነው። ውሃው አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት እንፋሎት ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። እንግዲህ ጥራጥሬው በዋዜማው ይዘፍዘፍ፤ ድስቱ ይከደን፤ ከፈላም በኋላ እሳቱ ይቀነስ።

የጭድ ሣጥን ይሠራ። በአውሮፓ በጦርነት ዘመን ማገዶ በጠፋ ጊዜ ብዙ ሰው የተጠቀመበት ብልሃት ይህ ነው። አንድ ሣጥን ወይም ትልቅ ቅርጫት በደረቅ ጭድ ይሞላል፤ በመካከሉ የድስቱ ልክ ጎድጓዳ ይበጅለታል። ወጡ ወይም ንፍሮው በእሳት ላይ በሚገባ ጥቂት ደቂቃ ከፈላ በኋላ ክዳኑ ሳይነሣ ወደዚያ ይገባና ጭድ በሞላበት ትራስ ይሸፈናል። ከዚያ ወዲያ ያለ እሳት መብሰሉን ይቀጥላል። ከመበላቱ በፊት እንደገና ማፍላት ለጤና ይጠቅማል። ይህም በጠርሙሱ ሙከራ የታየው ነገር በእናቶች እጅ ሥራ ላይ ሲውል ነው።

ስምንተኛ፤ የሒሳብ ምሳሌ

አንድ ቤት በሳምንት 3 ሸክም እንጨት ያነዳል እንበል። በዓመት ባሉት 52 ሳምንታት 156 ሸክም ይሆናል። ከላይ በተነገረው ሥራ ሲሶው ቢቀር 52 ሸክም ይተርፋል። አንዱን ሸክም ለቅሞ ለማምጣት 4 ሰዓት የሚፈጅ ቢሆን የተረፈው 208 ሰዓት ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ 8 ሰዓት ቢሆን 26 ቀን ማለት ነው። እነዚህ ቍጥሮች ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ የሚነደውን ሸክም አንድ ወር ቈጥሮ በራሱ ቍጥር ሒሳቡን ይሥራ። እንጨት በሚገዛበት ከተማም በሰዓቱ ፈንታ የሸክሙን ዋጋ ማግባት ነው። አባት ከልጁ ደብተር ላይ የራሱን ቤት ኪሳራ ባነበበ ጊዜ፣ ጥገናውን ለመጀመር ሌላ ስብከት አያስፈልገውም።

ሃያ ስድስት ቀን ለአንዲት ተማሪ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ቀን ውስጥ ማባዛትና ማካፈል ይማራሉ፤ መጽሐፍም ይነበባል።

ማጠቃለያ

ይህ ሥራ ለአንድ ሰው ከባድ ለመንደር ቀላል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። በጥቅምት ወር ደቦ ተጠርቶ ዛሬ የአንዱ ቤት፣ ነገ የሌላው ቤት ቢመረግ፣ ውርጩ ከመድረሱ በፊት መንደሩ ሁሉ ይደፈናል። ሽማግሎች መጀመሪያ የሚመርጡት ቤት ግን የባልቴቲቱና የድኻ አደጉ ቤት ይሁን፤ ማገዶ የሚለቅምለት ጕልበት የሌለው እርሱ ነውና። መምህርም በትምህርት ቤቱ ከተማሪዎች ጋራ አንዱን ግድግዳ መርጎ፣ አንዱን የጭድ ሣጥን ሠርቶ ያሳይ፤ ባላገር በጆሮው ከሰማው ይልቅ በዐይኑ ያየውን ያምናልና።

አሮጌ ቤት የአባት ቅርስ ነው። በውስጡ የሚያድሩትን ሰዎች ሳይጎዳ እንዲጠብቃቸው የሚያደርገው ግን የልጅ ትጋት ነው። አስቀድሞ ጢሱን ማስወጣት፣ ከዚያ ቀዳዳውን መድፈን፣ ከዚያም በደረቅ እንጨት በጥቂቱ ማንደድ፤ የነገሩ ሁሉ ቅደም ተከተል ይህ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ሙቀት የሚሄድባቸው ሦስት መንገዶች ምን ምን ናቸው? ለእያንዳንዱ ከቤታችሁ አንድ ምሳሌ ስጡ።
2. በኅዳር ሌሊት ደመና የሌለ እንደሆነ ውርጭ የሚወርደው ስለ ምንድን ነው?
3. የከሰል ፍም ጢስ ሳይኖረው የሚገድለው እንዴት ነው? ምልክቶቹንና መደረግ የሚገባውን ተናገሩ።
4. ቤቱን ከመድፈን በፊት ምን መሠራት አለበት? ስለ ምን?
5. በቤታችሁ በቀትር በሩን ዘግታችሁ ብርሃን የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ቍጠሩ።
6. ወለላቸው እኩል ከሆነ ክብ ቤትና ረጅም ቤት ማገዶ የሚቆጥበው የትኛው ነው? በቍጥር አስረዱ።
7. ውሃው ከፈላ በኋላ እንጨት መጨመር የማይጠቅመው ስለ ምንድን ነው?